አባቴ በሰባ ዓመታቸው ሥዕል ጀመሩ፤ የት ልውሰዳቸው?

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበቱ እትዬ? የምኖረው ሰሜን ለንደን ነው። አባቴ ከአዲስ አበባ መጥተው እኔ ጋ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ሂሳብ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጡ። እናቴ ካረፈች በኋላ ግን፣ ማንም ሳይነግራቸው፣ ሥዕል ጀመሩ። ባገኙት ካርቶን ላይ ይሥላሉ። ጎበዝ ይሁኑ አይሁኑ እኔ አላውቅም። ሲሥሉ ግን ፊታቸው ይፈታል። አንዲት ጓደኛዬ «ኮርንዎል ውስጥ ሴንት አይቭስ የሚባል የሰዓሊዎች ከተማ አለ፤ ባሕር ዳር ነው፤ ውሰጃቸው» አለችኝ። ባለቤቴ ደግሞ «ባሕር ለማየት አምስት ሰዓት በባቡር? ብራይተን አንድ ሰዓት ነው» ይላል። አባቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ገንዘባችንም የተቆጠረ ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ ውሰጃቸው። ባለቤትሽ ስለ ባሕሩ ልክ ነው፤ ውኃ ለማየት ከሆነ ብራይተን ይበቃል። እኔ ግን ደብዳቤሽን ሳነብ ወዲያው ትዝ ያለኝ ሰው የኖረው ሴንት አይቭስ ነው። አልፍሬድ ዋሊስ ይባላል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፍልሽ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ዋሊስ የተወለደው በ1855 ነው። ወጣት ሳለ መርከበኛ ነበር። ዓሣ አጥማጅም ሆኗል። በኋላ ሴንት አይቭስ ገብቶ የቆየ ብረት፣ ገመድና ሸራ እየገዛ የሚሸጥ፣ እንደኛው ቁራሌ ሆነ። በ1922 ሚስቱ ሞተችበት። ቤቱ ጭር ሲልበት፣ ሰባ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ብሩሽ አነሳ። የሥዕል ትምህርት ቤት አልገባም። ሸራ አልገዛም። የሚሥለው በጀልባ ቀለም ነው። የሚሥልበትም ከሱቅ የተገኘ የዕቃ ማሸጊያ ካርቶን ነው፤ እንደተቀደደ፣ ጎኑ እንደተንሻፈፈ። የካርቶኑ ቅርጽ ሰያፍ ከሆነ ባሕሩም በሰያፉ ይሄዳል።

አባትሽ ሥዕሎቹን ሲያዩ የሚገርማቸው አይመስለኝም። ዋሊስ ስለ ቅርብና ሩቅ አይጨነቅም። መርከቧን ከወደዳት መርከቧ ከከተማው ትበልጣለች። እኛ እመቤታችን በአጠገቧ ካሉት ሁሉ ገዝፋ ስትሣል እያየን ነው ያደግነው። ትልቅ የሚሣለው ትልቅ የሆነው ነው። የሂሳብ መምህር የነበሩ ሰው «መጠኑ ልክ አይደለም» ሊሉ ይችላሉ። ይበሉ። ከዚያ አጠገባቸው ቁጭ በዪና ዝም ብለሽ አብረሻቸው እዪ።

በ1928 ቤን ኒኮልሰንና ክሪስቶፈር ዉድ የሚባሉ ወጣት ሰዓሊዎች ከለንደን መጥተው በዋሊስ በር ሲያልፉ፣ በሩ ክፍት ነበር። ሥዕሎቹ ግድግዳው ላይ በምስማር ተመትተው አዩ። ሁለቱም የተማሩ ሰዎች ናቸው። ከዚህ ሽማግሌ ግን ተማሩ፤ የኒኮልሰን ሥራ ላይ በግልጽ ይታያል። ቤቱ ባክ ሮድ ዌስት በሚባለው ጠባብ መንገድ ላይ አሁንም አለ። የግል ቤት ስለሆነ አይገባም። ግድግዳው ላይ ስሙ ተጽፏል። ከበሩ ፊት ቁሙና ታሪኩን ለአባትሽ እዚያው ንገሪያቸው።

መጨረሻውንም አትደብቂያቸው። ሥዕሎቹን ወደዱለት፣ በትንሽ ገንዘብ ገዙት፣ አወደሱት። እሱ ግን በ1942 ማድሮን በሚባል ቦታ በድሆች መጠለያ ውስጥ ሞተ። ይህ ነገር ባሰብኩት ቁጥር ያበግነኛል። ወዳጆቹ ለቀብሩ ደረሱለት። ባርኑን በሚባለው፣ ከባሕሩ በላይ ባለው መካነ መቃብር ተቀበረ። መቃብሩን የሸፈነው በርናርድ ሊች የሚባለው ታላቅ ሸክላ ሠሪ የሠራቸው ሰቆች ናቸው። ሰቆቹ ላይ አንድ ትንሽ ሰው፣ ለመርከቦች መንገድ ወደሚያበራ ግዙፍ ማማ በር ሲገባ ይታያል። ከስሙ ሥር «ሰዓሊና መርከበኛ» ተብሎ ተጽፎለታል። በሕይወት እያለ እንዲህ ብሎ የጠራው ጥቂት ሰው ነበር። እንግዲህ አንቺም አባትሽን «አባዬ ሰዓሊው» ብለሽ አሁኑኑ ጥሪያቸው። የሚያስወጣሽ ገንዘብ የለም።

ስለ ጉልበታቸው፦ ከተማዋ ቁልቁለትና ዳገት ናት። መንገዱ ድንጋይ ንጣፍ ነው፤ ሲዘንብ ያንሸራትታል። ስለዚህ ከታች ወደ ላይ አትውጡ። በታክሲ ባርኑን የመኪና ማቆሚያ ድረስ ሂዱ። መካነ መቃብሩ እዚያው ሥር ነው። ከዚያ ቀስ እያላችሁ ስትወርዱ ቴት ሴንት አይቭስ ሙዚየም ትደርሳላችሁ። በ1993 የተከፈተው አሮጌ የጋዝ ፋብሪካ በነበረበት ቦታ ላይ ነው። ፊት ለፊቱ ፖርትሚኦር የሚባለው የባሕር ዳርቻ ተዘርግቷል። የሚሰቀሉት ሥዕሎች ስለሚቀያየሩ፣ ቲኬት ከመቁረጥሽ በፊት ደውለሽ የዋሊስ ሥዕል ወጥቶ እንደሆነ ጠይቂ። ብዙ የዋሊስ ሥራ በአንድ ቤት ማየት ከፈለጋችሁ ግን ቦታው ካምብሪጅ ያለው ኬትልስ ያርድ ነው። ከመቶ በላይ ሥራዎቹ በስብስቡ ውስጥ አሉ። ለለንደን ሰው ደግሞ ቅርብ ነው። ሴንት አይቭስ መሄዱ ካልተሳካ ቢያንስ ይህን አድርጊ።

የባርባራ ሄፕዎርዝን ቤትና የአትክልት ቦታ ግን እንዳታልፉት። እኔ ከተማዋን የምወደው በእሱ ነው። ሄፕዎርዝ ቀራፂ ነበረች። ጦርነቱ ሊጀመር ሲል በ1939 ከባሏ ከኒኮልሰንና ከሦስት መንትያ ልጆቻቸው ጋር መጣች። ይህን ቤት በ1949 ገዛች፣ በ1975 በእሳት አደጋ እዚያው ሞተች። ኒውዮርክ የተባበሩት መንግሥታት ደጃፍ ላይ ለድርጅቱ ዋና ጸሐፊ ለነበረው ለዳግ ሐመርሾልድ መታሰቢያ የቆመው ግዙፍ ነሐስ የእሷ ሥራ ነው። አትክልቱ ውስጥ የቆሙት ቅርጾች አብዛኞቹ እሷ ያቆመቻቸው ቦታ ላይ ናቸው። በመሃላቸው ሰው የሚያልፍበት ትልቅ ነሐስ አለ፤ አባትሽ ይለፉበት። ከዚያ የሥራ ክፍሏን በመስኮቱ እዩ። መሮዎቹ፣ መዶሻዎቹ፣ የተንጠለጠለው የሥራ ልብሷ፣ ሳይጨረስ የቀረው ድንጋይ፣ በላያቸው ያለው ነጭ አቧራ። እዚያ መስኮት ጋ አትቸኩሉ። ሰው ሥዕልና ቅርጽ ሲጀምር የሚያስፈራው «የተሰጣቸው ሰዎች ሥራ ነው» የሚለው ሐሳብ ነው። ያቺ ክፍል ግን የወዛደር ክፍል ናት። ወደ አትክልቱ ለመድረስ ደረጃ አለ፤ ስትገቡ ለሠራተኞቹ ጉልበታቸውን ንገሪያቸው።

ሦስተኛው የሊች ሸክላ ሥራ ቤት ነው። ሊች ከጃፓናዊው ሾጂ ሃማዳ ጋር በ1920 አቋቋመው፤ ዛሬም ሸክላ ይሠራበታል። አሮጌው እቶን አለ። ዳገቱ ላይ ስለሆነ በአውቶቡስ ሂዱ። ለእኛ የሚቀርብ አንድ ታሪክ አለው። የሊች ተማሪ የነበረው ማይክል ካርዲው ወደ ናይጄሪያ ሄዶ የሸክላ ማሠልጠኛ ከፈተ። እዚያ ላዲ ክዋሊ የምትባል፣ እንደ እናቶቻችን ያለ መሽከርከሪያ፣ ጭቃውን በእጇ እየደራረበች እንስራ የምትሠራ ሴት ነበረች። ዓለም አወቃት። ዛሬ በናይጄሪያ የሃያ ናይራ ብር ላይ ምስሏ አለ። በአገራችን ሸክላ ሠሪዋ ስንት ስድብ ችላ እንደኖረች ለምናውቅ ሰዎች፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ባቡሩ ከፓዲንግተን ይነሳል። ሴንት ኧርዝ ላይ ወርዳችሁ ትንሿን ባቡር ትይዛላችሁ፤ ሩብ ሰዓት ያህል ነው። በቀኝ በኩል ተቀመጡ፣ ባሕሩ በዚያ ነው። ዕድሜያቸው 60 የሞላ ሰዎች የሚገዙት የባቡር ካርድ አለ፤ ከዋጋው ሲሶውን ይቀንሳል። ፓስፖርታቸውን ይዛችሁ ጣቢያ ግዙ። ማደሪያ በሐምሌና በነሐሴ እሳት ነው። ችግሩ የእንግዳ ብቻ አይደለም፤ የአገሩ ሰው ራሱ ቤት አጥቷል። በ2016 ነዋሪው ድምፅ ሰጥቶ፣ አዲስ የሚሠራ ቤት ዓመቱን ሙሉ ለሚኖርበት ሰው ብቻ እንዲሆን ወስኗል። ስለዚህ ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ፣ በመስከረም ሂዱ። ፔንዛንስ ወይም ሄይል ብታድሩ ይረክሳል፤ ባቡር አለ።

ሁለት ሌሊት ይበቃችኋል። ከሁለቱ ቀናት የአንዱን ከሰዓት ምንም አታቅጂበት። ባሕሩ ሲሸሽ ጀልባዎቹ ወደቡ አሸዋ ላይ ጋደል ብለው ይቀራሉ። ወደቡ ዳር አግዳሚ ወንበር አለ። አባትሽን ከካርቶናቸው ጋር እዚያ አስቀምጪያቸውና ቡና ልትጠጪ ሂጂ። ውድ የሥዕል ሸራ አትግዢላቸው፤ የለመዱትን ካርቶን ከቤት ያዙ። ጃኬትም ያዙ፣ ነፋሱ ቀልድ አያውቅም።

ጥያቄ፦ ከሊድስ ነው የምጽፈው። ወደዚያው ሴንት አይቭስ ልጆች ይዘን እንሄዳለን። ትምህርት የሚዘጋው በነሐሴ ስለሆነ ፍልሰታ ላይ ይወድቅብናል። ምን እንበላለን? ልጆቹስ የት ይዋኙ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የጾም ምግብ አይቸግራችሁም። ፔስቲ የሚባለው የኮርንዎል ጥቅል በተለምዶ በሬ ሥጋ፣ ድንችና ሽንኩርት አለበት። አሁን ግን ያለ ሥጋና ያለ ቅቤ የሚጋገርም አለ፤ ቪጋን ብለህ ጠይቅ። መጠንቀቅ ያለብህ ድንች ጥብሱ ላይ ነው። አንዳንድ ቤቶች የሚጠብሱት በበሬ ሞራ ነው። ሳትጠይቅ አትግዛ።

ለዋና፣ ትንንሾቹን ፖርትሚኦር አትውሰዳቸው፤ የአትላንቲክ ሞገድ በቀጥታ የሚመታው እዚያ ነው። ፖርትሚንስተር ወይም ፖርትግዊደን ይሻላል። የትም ቢሆን ነፍስ አዳኞች ባሉበት ሰዓት ብቻ፣ በቀይና ቢጫ ባንዲራዎቹ መሃል ይዋኙ። ጥቁርና ነጭ ባንዲራ ካያችሁ የሰርፍ ሰሌዳ ቦታ ነው፣ ራቁ። ሲበሉ ደግሞ ጀርባቸውን ለግድግዳ ይስጡ። የዚያ አገር የባሕር ወፍ ከልጅ እጅ ምግብ መንጠቅ ሥራው ነው።