ዶከርና ፖድማን በሰርቨር ላይ፦ ጠየቃችሁኝ፣ ልመልስ

ሰላም ናችሁ ወገኖች። የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። ዶከርና ፖድማን አንድን ፕሮግራም ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር ኮንቴነር በሚባል ጥቅል ውስጥ አድርገው የሚያስነሱ መሣሪያዎች ናቸው። ሰሞኑን "ዶከር ወይም ፖድማን ሰርቨር ላይ መጫን ያስቸገራችሁ ጠይቁኝ" ብዬ ነበር። ከመሐል ሜዳም፣ ከሸዋ ሮቢትም፣ ከደብረ ሲናም ጥያቄ ደርሶኛል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ። የኮንቴነርና የቨርቹዋል ማሽን ልዩነት አልገባኝም።

እህቴ፣ ብዙ የኪራይ ክፍሎች ያሉበትን ግቢ አስቢ። ተከራዩ ሁሉ የየራሱ በርና ቁልፍ አለው፤ ቆጣሪው ግን የግቢው ነው፣ አንድ ነው። ኮንቴነርም እንደዚያው ነው። ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) የሰርቨሩ ነው፣ ሁሉም ይጋሩታል። ቨርቹዋል ማሽን ግን የራሱ አጥርና የራሱ ቆጣሪ ያለው ሙሉ ቤት ነው። ኮንቴነር ቀለል ብሎ በሰከንድ የሚነሳው ለዚህ ነው። የግቢው ቆጣሪ ከተቃጠለ ግን ሁሉም ጨለማ ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ የቢሯችን ሰርቨር አሮጌ ነው፣ ሴንትኦኤስ 7 ነው ያለው። ዶከር ብጭንበት ችግር አለው?

አትጫንበት ወንድሜ። ሴንትኦኤስ 7 ከሬድ ሃት ድርጅት የሊኑክስ ሲስተም የተቀዳ ነፃ እትም ነው፤ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2024 አብቅቷል። ከዚያ ወዲህ የደኅንነት ማስተካከያ አይመጣለትም። ወደ ሮኪ ሊኑክስ 9 ወይም አልማሊኑክስ 9 ተሻገር። ሁለቱም ሲስተሞች መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጡት ሴንትኦኤስ 8 ሊቋረጥ ነው ከተባለ በኋላ ነው፤ ነፃም ናቸው።

ለምን 10 አይሆንም ካልከኝ፣ ችግሩ ፕሮሰሰሩ ነው። ሬድ ሃት 10ም ሮኪ 10ም ኤቪኤክስ 2 የሚባለውን ትእዛዝ የሚያውቅ ፕሮሰሰር ይፈልጋሉ። ኢንቴል ይህን ማስገባት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። የእናንተ ሰርቨር ከዚያ በፊት የተሠራ ከሆነ አይነሳልህም። በእርዳታ የመጣ አሮጌ ማሽን በየቢሮው ስላለ ነው ይህን ማንሳቴ።

ጥያቄ፦ ዶከር ብዬ ጫንኩ፣ ስከፍተው ግን ፖድማን ነው የሚለኝ። ምንድን ነው ነገሩ?

አልተሳሳትክም። ሬድ ሃት ከ8ኛው እትም ጀምሮ ዶከርን አውጥቶ በፖድማን ተክቶታል። የዶከርን ትእዛዝ ተቀብሎ ወደ ፖድማን የሚያሳልፍ ጥቅልም አለ፤ ያንን ነው ያገኘኸው። ራሱን ዶከርን ከፈለግክ የዶከርን ሪፖ (የሚወርድበትን ምንጭ) ጨምር፤ ከመጫንህ በፊት ደግሞ ፖድማንንና ራንሲን (ኮንቴነር የሚያስነሳ ትንሽ ፕሮግራም) አውጣ፣ ካልሆነ ይጋጫሉ።

የኔን ሐሳብ ልንገርህ፦ አዲስ ሥራ ከሆነ ፖድማንን ልመደው። ከጀርባ ሁልጊዜ የሚሠራ ዴሞን የለውም፣ ያለ ሩት (የማሽኑ ሙሉ አስተዳዳሪ) ሥልጣንም ይሠራል። ዶከር ላይ ግን አንድን ሰው የዶከር ግሩፕ ውስጥ ማስገባት የሩት ቁልፍ እንደመስጠት ነው፤ ይህን ሳያውቁ ቢሮውን ሙሉ የሚያስገቡ አይቻለሁ። ብዙ የኮምፖዝ ፋይል (ብዙ ኮንቴነሮችን አንድ ላይ የሚገልጽ) ተጽፎ ካለህ ግን ዶከር ላይ ብትቆይ ይሻልሃል።

ጥያቄ፦ ኮንቴነሩ ፎልደሬን ማንበብ አልቻለም፣ ፈቃድ የለህም ይላል። ጓደኛዬ ኤስኢሊኑክስን አጥፋው አለኝ።

እባክህ አታጥፋው! ይህ ጥያቄ በአምስት ሰው ነው የመጣልኝ፤ አምስቱም "አጥፋው" ተብለዋል። ኤስኢሊኑክስ የሊኑክስ የደኅንነት ዘበኛ ነው፤ እያንዳንዱ ፋይል ላይ ምልክት ያደርጋል። ኮንቴነር የሚነካው የኮንቴነር ምልክት ያለውን ብቻ ነው። ያንተ ፎልደር ምልክቱ ሌላ ስለሆነ ተከለከለ፤ ዘበኛው ሥራውን ሠራ ማለት ነው። መፍትሔው አንዲት ፊደል ናት። ፎልደሩን ከኮንቴነሩ ጋር በምታያይዝበት መስመር መጨረሻ ላይ ኮለን አድርገህ ትልቁን ዜድ ጨምር። ምልክቱ ለዚያ ኮንቴነር ብቻ ይቀየራል። ሁለት ኮንቴነሮች የሚጋሩት ፎልደር ከሆነ ደግሞ ትንሹን ዜድ ተጠቀም።

አንድ አደራ አለኝ። ትልቁን ዜድ የሲስተሙ ፎልደሮች ላይ፣ ለምሳሌ ሆም ወይም ኢቲሲ ላይ እንዳታደርግ። የሁሉንም ፋይል ምልክት ይቀይርና ሰርቨሩ ራሱ መግባት ይከለክልሃል። ለኮንቴነሮችህ የተለየ ፎልደር አዘጋጅ።

ጥያቄ፦ ፋየርዎሉ ላይ ፖርቱን ዘግቼዋለሁ፣ ዳታቤዙ ግን ከውጭ ይከፈታል።

በዶከር ፖርት ስታወጣ፣ ዶከር የራሱን ሕግ በቀጥታ አይፒቴብልስ (የከርነሉ የኔትወርክ ማጣሪያ) ውስጥ ይጽፋል፤ ፋየርዎልዲ (የሲስተሙ ፋየርዎል) ላይ የዘጋኸውን አይጠይቅም። ዳታቤዙን ለሰርቨሩ ብቻ ከፈለግከው ከፖርቱ ፊት 127.0.0.1 ብለህ ጻፍ። ዛሬውኑ አስተካክለው።

ጥያቄ፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰርቨሩ ይነሳል፣ ሲስተሙ ግን አይነሳም። በየጊዜው ይደወልልኛል።

ይህ ጥያቄ ልቤን ነካኝ፣ ደርሶብኛልና። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጭኜ፣ ሁሉም ሠርቶ፣ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ሌሊት መብራት ሄደ። ጠዋት ስደርስ ከገጠር በሌሊት ተነስተው የመጡ ሰዎች ብርድ ላይ ተሰልፈዋል፣ መዝጋቢዋ ደግሞ ባዶ ስክሪን ታያለች። ምክንያቱ? ዶከርን "ጀምር" ብዬው ነበር፣ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ጀምር ግን አላልኩትም። ሲስተምሲቲኤል (አገልግሎቶችን የምናዝበት ትእዛዝ) ላይ ስታርት ሌላ፣ ኢኔብል ሌላ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ዶከርን ኢኔብል አድርገው። ከዚያ ለእያንዳንዱ ኮንቴነር የሪስታርት ደንቡን "አንለስ ስቶፕድ" በለው፤ አንተ ካላቆምከው በስተቀር ራሱ ይነሳል። ፖድማን ያለ ሩት ከሆነ የምትጠቀመው፣ ለዚያ ተጠቃሚ ሊንገር የሚባለውን አብራ፤ ካልበራ ከሰርቨሩ ስትወጣ ኮንቴነሮቹ አብረውህ ይወጣሉ፣ ማሽኑ ሲነሳም አይነሱም። ከፖድማን 4.4 ወዲህ ደግሞ ኳድሌት አለ፦ ኮንቴነሩን እንደ ሲስተምዲ (ማሽኑ ሲነሳ አገልግሎቶችን የሚያስነሳው) አገልግሎት በትንሽ ፋይል ትገልጸዋለህ፣ ሲስተምዲ ራሱ ያስነሳልሃል። እኔ አሁን የምጠቀመው ይህን ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም አለ። ኮምፖዝ ላይ "አፑ ዳታቤዙን ይጠብቅ" ብለህ ብትጽፍም፣ ማሽኑ ድንገት ጠፍቶ ሲነሳ ዶከር ያንን ተራ አይጠብቅም። አፑ ዳታቤዙን ሲያጣ ደጋግሞ እንዲሞክር አድርገህ ጻፈው። ከዚያ ወደ ቤትህ ከመሄድህ በፊት ሰርቨሩን ሪስታርት አድርግ፣ እጅህን ሰብስብና ተመልከት። ምንም ሳትነካ ሲስተሙ ከመጣ ጨርሰሃል። ካልመጣ ገና አልጫንክም።

ጥያቄ፦ መሐል ሜዳ ነኝ። ኢሜጅ (ኮንቴነር የሚነሳበትን ፋይል) ሳወርድ ኔትወርክ መሐል ላይ ይቆረጣል።

ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ስትመጣ ላፕቶፕህ ላይ አውርደው፣ በ"ሴቭ" ትእዛዝ ወደ አንድ ፋይል ቀይረው፣ በፍላሽ ይዘህ ሂድና ሰርቨሩ ላይ "ሎድ" በለው። የፕሮሰሰሩ ዓይነት አንድ መሆኑን ብቻ አረጋግጥ፤ በኤአርኤም (ከኢንቴል የተለየ የፕሮሰሰር ዓይነት) ላፕቶፕ ያወረድከው ኢንቴል ሰርቨር ላይ አይሠራም። ብዙ ሰው በአንድ አይፒ የሚወጣበት ቢሮ ከሆነ ደግሞ፣ ዶከር ሀብ (ኢሜጆች የሚወርዱበት ድረ ገጽ) በአካውንት ሳይገቡ ለሚያወርዱ ገደብ የሚቆጥረው በአይፒ ነው። አካውንት ከፍተህ ግባ።

ጥያቄ፦ ዲስኩ ሞላብኝ።

ሎጉን (ኮንቴነሩ የሚጽፈውን የሥራ መዝገብ) እይ። ዶከር ሳትነግረው ሎግ አይቆርጥም። የዴሞኑ ማስተካከያ ፋይል ላይ የሎግ መጠንና ብዛት ወስን፤ አዲሱ ደንብ የሚሠራው እንደ አዲስ ለተፈጠረ ኮንቴነር ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ የአንድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነኝ። ሬድ ሃትን የግድ መግዛት አለብን?

ጋሼ፣ የግድ አይደለም። ሲበላሽ ደውለው የሚጠይቁት ድርጅት ከፈለጉ ይግዙ፣ ገንዘቡ ለድጋፉ ነው። የራስዎ ባለሙያ ካለ ሮኪ ወይም አልማ ይበቃዎታል። የተረፈውን ዩፒኤስ ቢገዙበት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ዶከር ከጫንን በኋላ ከሌላኛው ሕንፃ ሰርቨሩን ማግኘት አቃተን።

የዚያ ሕንፃ አድራሻ በ172.17 ይጀምራል? ዶከር ለራሱ የሚይዘው እሱን ነው። ሰርቨሩ መልሱን ወደ ሕንፃው መላኩን ትቶ ወደ ኮንቴነሮቹ ይልከዋል። የዴሞኑ ፋይል ላይ ግቢያችሁ የማይጠቀምበትን ሌላ አድራሻ ስጡት፣ ኮምፖዝ የፈጠራቸውን ኔትወርኮችም አጥፍታችሁ እንደገና ፍጠሩ። ዶከሩን ሪስታርት ስታደርጉ ኮንቴነሮቹ ስለሚቆሙ ከሥራ ሰዓት ውጭ አድርጉት።