ከተመለሱ በኋላስ?

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መሐል ሦስቱ የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው፤ ትምህርት አቋርጦ ስለመመለስ። ሦስቱም የመጡት ከከተማዋ ዳር ነው፤ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከሐና ማርያም እና ከካራ። የመጀመሪያው ሰፋ ያለ መልስ ስለሚፈልግ አብዛኛውን ቦታ እሱ ይወስደዋል። ሌሎቻችሁ ቅር እንዳትሰኙ።

ጥያቄ፦ የሒሳብ መምህር ነኝ፣ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። በሰፈራችን ከ8ኛ እስከ 11ኛ ክፍል ባለው መሐል ያቋረጡ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ግማሹ ብሎኬት ማምረቻ ይሠራል፣ ግማሹ ባጃጅ ይነዳል፣ ሴቶቹ ቂሊንጦ ፋብሪካ ይውላሉ። ጓደኛሞች መምህራን ሆነን ቅዳሜና እሁድ በነፃ ማስተማር ጀመርን። መጀመሪያ ክፍሉ ጢም አለ፤ ከሁለት ወር በኋላ ግን ከእኛ ከመምህራኑ የሚበልጥ ተማሪ አልነበረም። ምኑ ላይ ነው የሳትነው? እነዚህን ልጆች እውነት ኮሌጅ ድረስ ማድረስ ይቻላል?

መልስ፦ መምህር፣ ትልቁ ወሬ ክፍሉ ጢም ማለቱ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ብሎኬት ሲሸከም የከረመ ሰው በእረፍት ቀኑ ሒሳብ ሊማር ከመጣ ፍላጎቱ አለ። ስለዚህ «ልጆቹ ትምህርት አይወዱም» የሚለውን ወሬ እዚሁ እንተወው። ያዘጋጃችሁላቸው ነገር ከኑሯቸው ጋር አልገጠመም፣ በቃ።

ሽፍቱን ብቻ እንይ። ፋብሪካ የምትሠራ ልጅ ሽፍቷ ይቀያየራል። በዚህ ቅዳሜ ነፃ ናት፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ማሽን ላይ ናት። አንድ ክፍለ ጊዜ አምልጧት ስትመጣ እናንተ ምዕራፍ ዘላችኋል። ሁለቴ እንዲህ ከሆነ ሦስተኛውን ትቀራለች፤ እኔም ብሆን እቀራለሁ። ያንኑ ትምህርት በሳምንት ሁለት ጊዜ ስጡት፣ አንዱን በሥራ ቀን ማታ፣ አንዱን ቅዳሜ። ሁለቱም ላመለጣት ደግሞ የሰሌዳው ፎቶና የመምህሩ ማብራሪያ በድምፅ ተቀድቶ በቴሌግራም ይድረሳት። ለእናንተ አድካሚ ነው፣ አውቃለሁ። ግን አዲስ ምዕራፍ ላይ ከመሮጥ ይሻላል።

የእናንተ ሰፈር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ብዙው ቤተሰብ ከመሀል ከተማ የመጣ ነው፤ አንዱ ኮንዶሚኒየም ደርሶት፣ ሌላው ሰፈሩ ለልማት ፈርሶ። ልጁ 9ኛ ክፍል እያለ ቤተሰቡ ቱሉ ዲምቱ ገባ፣ ትምህርት ቤቱ ልደታ ቀረ። ጥቂት ወር በታክሲ ተመላለሰ፣ ከዚያ ወይ ሰለቸው ወይ የታክሲው ብር አለቀ። ይሄንን ልጅና ሚኒስትሪ ወድቆ የቀረውን፣ ወልዳ የቀረችውንና እናቷ ታመውባት የቀረችውን አንድ ክፍል ውስጥ ከታችሁ አንድ ዓይነት ነገር ብትሰጧቸው የሚሆን አይደለም። ሲመዘገቡ ቁጭ ብላችሁ አውሯቸው። ለምን አቋረጥክ? አሁን ቢሆንስ ምን ያስቀርሃል? የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ነው ፕሮግራማችሁን የሚቀርፀው።

ቀጥሎ ያለው ከየት ይጀመር የሚለው ነው፤ ብዙ በጎ አሳቢ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ባለፈው ሰሞን አንድ የማታ ክፍል በር ላይ ቆሜ ነበር። አንድ ወጣት ስሚንቶ የነካውን ጫማውን አራግፎ ገባና ለትንንሽ ልጆች የተሠራው ዴስክ ጉልበቱን አላስገባ ሲለው በጎን ተቀመጠ። መምህሩ ሰሌዳው ላይ የ10ኛ ክፍል አልጀብራ ይጽፋሉ። ልጁ ደብተሩ ጠርዝ ላይ በእርሳስ የሆነ ነገር ያሰላል፤ ጠጋ ብዬ ሳይ 1/2 ሲደመር 1/3 ነው። 2/5 ብሎ ጻፈ። ከዚያ ቀና ብሎ ሰሌዳው ላይ ያለውን አልጀብራ መገልበጡን ቀጠለ።

ይሄ ልጅ ያቋረጠው 10ኛ ላይ ነው፣ የጎደለው ግን 5ኛ ክፍል ላይ ነው። ለዓመታት በየክፍሉ እንደዚሁ ሲገለብጥ ኖሯል። 10ኛን ብትደግሙለት ያቋረጠበትን ምክንያት ነው የምትደግሙለት። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን አጭር መለያ ፈተና ስጡ፤ ክፍልፋይ፣ ኔጌቲቭ ቁጥር፣ አንድ ገጽ እንግሊዝኛ አንብቦ በራሱ አባባል መመለስ። ከ9ኛ ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ማንበቡ ካልተስተካከለ ባዮሎጂውም ታሪኩም አብሮ ይሄዳል። ውጤቱን ለልጁ ለብቻው ንገሩት፣ ክፍል ውስጥ አታንብቡት። ከዚያ ጥቂት ወራት ለመሠረቱ ብቻ ይሰጥ። ትልልቅ ሰዎች ስለሆኑ አንዴ ከገባቸው ከምታስቡት በላይ ይፈጥናሉ።

ኮሌጅ ድረስ ይደርሳሉ ወይ ላላችሁኝ፣ ቁጥሩን እንዳለ ላስቀምጠው። በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ናቸው። ከእነዚህ ተፈታኞች ብዙዎቹ ቀን ሲማሩ የከረሙ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ለሁሉም «ዩኒቨርሲቲ ትገባላችሁ» ብሎ መጥራት ላም አለኝ በሰማይ ነው። ሦስት በር አሳዩዋቸው፦ ማለፊያውን አምጥቶ በቀጥታ መግባት፣ ለጥቂት የጎደለው በሬሜዲያል፣ ማለትም በማካካሻ ትምህርት መሞከር፣ ቴክኒክና ሙያ ገብቶ ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና እየወሰዱ ሌቭል በሌቭል መውጣት። ሦስተኛው በር የሰነፎች ነው የሚል ሰው ኤሌክትሪሺያን ለመጥራት ደውሎ አያውቅም። ግን ደግሞ ልጁ ፊዚክስ እየቻለ «አንተ እንኳን ለሙያው ነው» ብላችሁ አትግፉት። ይህም ሲደረግ አይቻለሁ።

ከውጭ ሁለት ነገር ልዋስ። ፖርትላንድ፣ ኦሪገን ውስጥ በ2000 እ.ኤ.አ. ጌትዌይ ቱ ኮሌጅ የሚባል ፕሮግራም በአንድ የማኅበረሰብ ኮሌጅ ተጀመረ። ያቋረጡ ወጣቶች የሁለተኛ ደረጃቸውን የሚጨርሱት እዚያው ኮሌጁ ግቢ ውስጥ ሆነው፣ የኮሌጅ ክሬዲትም አብረው እየያዙ ነው። የመጀመሪያውን ተርም በትንሽ ቡድን ሆነው አንድ ላይ ይማራሉ፣ አጠናኑንም ጭምር። እያንዳንዳቸውን የሚከታተል ሰው አለ። ቶሮንቶ፣ ሪጀንት ፓርክ የሚባል ደሃ ሰፈር ላይ ደግሞ በ2001 እ.ኤ.አ. ፓትዌይስ ቱ ኤጁኬሽን ተነሳ። የዚህኛው ዓላማ ልጆቹ ከመጀመሪያውም እንዳያቋርጡ ነው። ከማስጠናት ሌላ የትራንስፖርት ትኬት ይሰጣል፣ ለኮሌጅ የሚሆን ገንዘብ ይቀመጥላቸዋል፣ በትምህርት ቤቱና በወላጅ መሐል የሚመላለስ ሠራተኛም አለ።

ክሬዲቱን እኛ ጋ መምህራን ተሰብስበው የሚሰጡት ነገር አይደለም። የሚከታተለውን ሰው ግን እኛም ጋ ማዘጋጀት ይቻላል፤ ሁለቱም ጋ ያለው እሱ ነው። የቀረችን ልጅ በዚያው ቀን ማታ ደውሎ «ምን ሆንሽ?» የሚል አንድ የሚታወቅ ሰው። የአሠሪዋን ስልክ የሚያውቅ፣ ፈተና ሲደርስ ሽፍት እንዲቀይሩላት ሄዶ የሚለምን። ከእናንተ መሐል አንዱ ማስተማሩን ትቶ ይሄንን ብቻ ይሥራ። የሒሳብ መምህር ተርፏችሁ ይሆናል፣ የሚደውል ሰው ነው የጠፋው። ትንሽ ብር ካገኛችሁም ቲሸርትና ባነር ላይ አታጥፉት፤ ለታክሲ ይሁን።

ጥቂት የሚረሱ ነገሮች ልጨምር። ከ2016 ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በኮምፒውተርም ይሰጣል፤ ማውስ ይዞ የማያውቅ ልጅ ጥያቄውን እያወቀ ሰዓት ያልቅበታል። አንድ አሮጌ ላፕቶፕም ቢሆን ይለማመዱበት። የክረምቱ ነገር ደግሞ አለ። ፈተናው ካለቀ ውጤትና ምደባ እስኪመጣ ወራት ያልፋሉ። ፈተና አለቀ ተብሎ የተበተነ ቡድን በዚያ መሐል በሥራ ይዋጣል፤ ተመድቦ እንኳ ሳይሄድ የሚቀር አለ። በክረምቱ መገናኘታችሁን አታቋርጡ፣ ፎርሙንም አብራችሁ ሙሉ። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እኮ አፍንጫችሁ ሥር ነው። ልጆቻችሁ በአጥሩ ሥር ሲያልፉ ኖረዋል፣ ስንቱ ግቢውን አይቷል? ለምናችሁ አንድ ቀን አስገቧቸው።

ምደባው ሩቅ ክልል ሲሆን ልጅ ያላት ወይም ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው መሄድ አይችልም። እሱ የማታ ወይም የግል ኮሌጅ ይፈልጋል። ያኔ ኮሌጁ ለዚያ ትምህርት ክፍልና ለዚያ ካምፓስ ፈቃድ እንዳለው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሳያጣሩ ብር እንዳይከፍሉ ንገሯቸው። ከ2015 ጀምሮ ለዲግሪ የመውጫ ፈተና አለ። ስለዚህ የሚደውለው ሰውዬ ልጁ ኮሌጅ ገባ ብሎ ስልኩን አያስቀምጥ፣ ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት ይደውል። ቀጥሎ ለሚረዳችሁ አካል ሪፖርት ስትጽፉም «ይህን ያህል መዘገብን» አትበሉ። ሁለተኛ ዓመት ስንት ደረሰ የሚለውን ጻፉ፤ ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም።

ጥያቄ፦ 23 ዓመቴ ነው። ደብረ ብርሃን 9ኛ ክፍል እየተማርኩ አርግዤ አቋረጥኩ። አሁን ሐና ማርያም ጀበና ቡና እሸጣለሁ፣ ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው። መማር እፈልጋለሁ፤ ግን ካርዴም የሚኒስትሪ ወረቀቴም ጠፍቷል። ደግሞ «ከልጆች ጋር እንዴት ትቀመጫለሽ» ይሉኛል። አንድ ሰው ትራንስክሪፕት አሠራልሻለሁ ብሎኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ያ ሰውዬ ስልክሽ ላይ ካለ አሁኑኑ አጥፊው። የሐሰት ማስረጃ ዛሬ ቢያስገባሽ ነገ ሥራ ይዘሽ ሲጣራ ያስባርርሻል፣ ያስከስስሻልም። እውነተኛው ማስረጃሽ አለ፣ የጠፋው ወረቀቱ ነው። የተማርሽበት ትምህርት ቤት ሪከርድ ቢሮ ትራንስክሪፕትና መሸኛ ይጠየቃል፤ የ8ኛ ክፍሉ ፈተና የክልል ስለሆነ ውጤቱ የሚጠየቀው በክልሉ ትምህርት ቢሮ በኩል ነው። መሄድ ካልቻልሽ እዚያ ላለ ዘመድ ውክልና ስጪ። ምዝገባው የሚሟሟቀው ነሐሴና መስከረም ላይ ነውና ከዚያ በፊት ይለቅ። የፋይዳ መታወቂያ ካላወጣሽ እግረ መንገድሽን አውጪ።

ከልጆች ጋር የሚለውን እርሺው። የማታ ክፍል ገብተሽ እዪ፣ አርባ የሞላው ሰው ታገኛለሽ። ከዚያ ይልቅ የሚያሳስበኝ ማታ ልጅሽን ማን ይይዝልሻል የሚለው ነው፤ ቡናውም የሚሸጠው በዚያው ሰዓት ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ካስገባሻት አዲስ አበባ ውስጥ ቁርስና ምሳ እዚያው ትበላለች፣ ቀኑ ትንሽ ይቀልልሻል። ለማታው ከአንድ ጎረቤት ጋር ተነጋገሪ፤ እሷ ማታ ትያዝልሽ፣ አንቺ ጠዋት ያዢላት። ይሄ ሳይያዝ አትመዝገቢ።

ጥያቄ፦ ልጄ 19 ዓመቱ ነው፣ ከካራ መገናኛ የታክሲ ረዳት ሆኖ ይሠራል። 10ኛን ጥሎ ወጣ። ሌሊት 11 ሰዓት ወጥቶ ማታ 3 ሰዓት ይገባል። ተመለስና ተማር ስለው «የተመረቁት የት ደረሱ?» ይለኛል። ምን ልበለው?

መልስ፦ እናቴ፣ ልጅዎ የተናገረው ውሸት አይደለም፤ ዲግሪ ይዞ ቤት የተቀመጠ ጎረቤት በየሰፈሩ አለ። በእሱ አይከራከሩት፣ ይረታዎታል። ብሩም በየቀኑ እጁ ላይ ይገባል፤ ትምህርት ያንን አይሰጠውም።

ሾፌር መሆን ይፈልግ እንደሆነ ይጠይቁት። አብዛኛው ረዳት ይፈልጋል። መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የትምህርት ደረጃ ማስረጃ ይጠየቃል፣ እሱም ይህን ያውቀዋል። ከዚያ አውቶሞቲቭን ያንሱበት። ቴክኒክና ሙያ የሚሰጥ ነው፣ ሞተር ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሲሰማ የሚውለው ነገር ነው። እንደ ሥራው ሰዓት የሳምንቱን ማታ ሁሉ መማር አይችልም። ከሾፌሩ ጋር ተነጋግሮ ሌላ ረዳት የሚተካባቸው ቀናት ካገኘ ግን የቅዳሜና እሁድ ትምህርት የሚሰጥ ቦታ ይፈልግ። ሾፌሩን ቢቻል እርስዎ ያናግሩት። እናት ስትለምን እምቢ የሚል ሾፌር ብዙ የለም፤ ካለም ልጁ ሌላ መኪና ላይ ይሥራ።