ለሁለት ምሽት ብቻ ጊዜ ላላት አድማጭ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሜሪካ ነው፤ ማታ ማታ በአንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሒሳብ አያያዝ እማራለሁ። ኮሌጁ የዘንድሮውን የኮንሰርት መርሐ ግብር ለጥፏል፦ የባለ ክር መሣሪያዎች ኳርቴት፣ ትልቅ የጃዝ ባንድ፣ የምዕራብ አፍሪካ ኮራ፣ የሕንድ ሲታርና ታብላ፣ በመጨረሻም የኮሌጁ መዘምራን። ከሥራና ከትምህርት የሚተርፈኝ ጊዜ ለሁለት ምሽት ብቻ ይበቃል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄንም ልወስዳት እፈልጋለሁ። የትኞቹን ልምረጥ? በማላውቀው ሙዚቃ መካከል ያለ ቦታው አጨብጭቤ እንዳላፍርም እሰጋለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄዎን ሳነብ ደስ አለኝ። ቪዮላ (ከቫዮሊን በመጠን ከፍ የሚል ባለ ክር መሣሪያ) ተጫዋች ነኝ፤ በትልልቅ አዳራሾችም በኮሌጅ አዳራሾችም ሠርቻለሁ። ለአዲስ አድማጭ ከኮሌጅ አዳራሽ የተሻለ ቦታ የለም ብዬ አምናለሁ። በትልቁ አዳራሽ ርካሽ ቲኬት የያዘ ሰው ተጫዋቹን እንደ ጥላ ከሩቅ ያየዋል። በኮሌጁ ግን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሆነው የኳርቴቱ፣ ማለትም የአራቱ ተጫዋቾች ቡድን፣ ቫዮሊን ተጫዋች ቀስቷን ከማሳረፏ በፊት አየር ስትስብ ይሰማሉ። ሌሎቹ ሦስቱ አብረዋት የሚጀምሩት በዚያች ትንፋሽ ነው።

ምርጫዬ ኮራውና ሲታሩ ናቸው። ኳርቴት የራሴ ሙያ ስለሆነ ልቤ ወደዚያው ያደላል፤ ይሁን እንጂ ኳርቴትና ጃዝ በሌላ ጊዜም በቀላሉ ያገኛሉ። ኮራ ግን በየሰፈሩ አይገኝም።

ኮራ 21 ክሮች አሉት፤ ድምፁን የሚያጎላው ለሁለት ከተከፈለ ትልቅ ቅል ተሠርቶ በላም ቆዳ የተወጠረው አካሉ ነው። ተጫዋቹ በግራ እጁ 11፣ በቀኝ እጁ 10 ክሮች ይጫወታል። ክሮቹን የሚነካው ግን በሁለቱ አውራ ጣቶችና በሁለቱ ጠቋሚ ጣቶች ብቻ ነው፤ የቀሩት ጣቶች እጀታዎቹን ይጨብጣሉ። ልጅዎ አውራ ጣቶቹን እንድትከተል ይንገሯት። ወፍራሙን ድምፅ የሚይዙት እነርሱ ናቸው፤ ጠቋሚዎቹ በላዩ ዜማውን ይደረድራሉ። ዓይኗ ሁለቱን ከለየ ጆሮዋም ይለያል። ሙያው በማሊ፣ በጋምቢያ፣ በሴኔጋልና በጊኒ በሚኖሩ የማንዴ ሕዝቦች ዘንድ በዘር የሚወረስ ነው። ግሪዮት የሚባሉት እነዚህ አዝማሪዎች ውዳሴንና የትውልድ ታሪክን በዜማ አቆይተዋል።

ሲታር፣ ረጅም አንገት ያለው የሕንድ ባለ ክር መሣሪያ፣ ትዕግሥት ይፈልጋል። ጅማሬው አላፕ ይባላል፤ ከበሮ የለበትም፣ ቋሚ ምትም የለውም። የራጋው (የዜማው መሠረት የሚሆነው ስልት) ድምፆች ቀስ በቀስ እየተገለጡ ይሄዳሉ፤ የታብላው፣ ማለትም የጥንዶቹ የእጅ ከበሮዎች፣ ተጫዋች ቁጭ ብሎ ያዳምጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰለቻል፤ እርስዎ ይቆዩ። ታብላው ሲገባ ቆጠራ ይጀምሩ። ከሁሉ የተለመደው እየተደጋገመ የሚዞር የምት ዑደት ቲንታል ይባላል፤ 16 ምት አለው፣ አራት አራት ሆኖ ይከፈላል። ሥርዓቱን የሚያውቁ አድማጮች በ1፣ በ5 እና በ13 ላይ እጃቸውን ቀስ ብለው ያጋጫሉ፤ በ9 ላይ መዳፋቸውን ይገለብጣሉ። ሁለቱ ተጫዋቾች በየራሳቸው መንገድ ርቀው ከሄዱ በኋላ አንደኛዋ ምት ላይ እኩል ሲያርፉ ሰውነትን የሚነዝር ነገር አለው። ልጅዎ ይህን ቆጠራ ከእርስዎ ፈጥና ትይዘዋለች ብዬ እገምታለሁ።

ስለ ጭብጨባው አይጨነቁ። በ1971 በኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ለባንግላዴሽ መርጃ በተዘጋጀው ኮንሰርት፣ የሲታር ተጫዋቹ ራቪ ሻንካርና ባልደረቦቹ መሣሪያቸውን ቃኝተው ሲጨርሱ ሕዝቡ ጨዋታው የተጠናቀቀ መስሎት አጨበጨበ። ሻንካር ቅኝቱን ይህን ያህል ከወደዳችሁት ጨዋታውን የበለጠ እንደምትወዱት ተስፋ አደርጋለሁ ብሎ ቀጠለ። ሞዛርትም በ1778 ከፓሪስ ለአባቱ ሲጽፍ፣ ሲምፎኒው ገና እየተጫወተ ሳለ ሰው እንዳጨበጨበ የነገረው በደስታ ነው። በአንድ የሙዚቃ ድርሰት ክፍሎች መካከል ዝም ማለት ከእርሱ ዘመን በኋላ የጸና ልማድ ነው።

ዛሬ በኳርቴት ምሽት ሁሉም ክፍሎች እስኪያልቁ ይጠበቃል፤ ተጫዋቾቹ መሣሪያቸውን ዝቅ አድርገው ትከሻቸውን ሲያላሉ ያውቁታል። በጃዝ ደግሞ አንዱ ብቻውን ተጫውቶ ሲጨርስ፣ ሙዚቃው ሳይቆም ይጨበጨብለታል። እኔ በበኩሌ ከመድረክ ሆኜ በሁለት ክፍሎች መካከል ጭብጨባ ስሰማ ደስ ይለኛል፤ አዲስ ሰው አዳራሹ ውስጥ አለ ማለት ነው።

የመዘምራኑን ምሽት ባይደርሱበትም፣ ቡድኑ ከተማሪዎች ውጭ ያሉ ሰዎችን ይቀበል እንደሆነ ይጠይቁ፤ የሚቀበሉ ኮሌጆች ብዙ ናቸው። ቲኬት ከመግዛትዎ በፊትም የተማሪ መታወቂያዎን ያሳዩ፤ ቅናሽ ሊኖር ይችላል። ለኮራው ከፊት ይቀመጡ። ለሲታሩ ደግሞ ቀደም ብለው ይድረሱ፤ አላፕ ከተጀመረ በኋላ በር መክፈት ተጫዋቹንም አድማጩንም ይረብሻል።