የሚሚ ኢንሱሊን ሲቀየር፦ መጀመሪያ የድሮውን ሲሪንጅ ከቤት አውጪ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ ሳነብ ሆዴ ተላወሰ። የዛሬ ሁለት ዓመት እኔም ልክ አንቺ ያለሽበት ቦታ ነበርኩ። ድመትሽ ሚሚ 11 ዓመቷ ነው፤ ለስኳሯ ቬትሱሊን የሚባለውን ኢንሱሊን ከጀመረች ሰባት ወር ሆኗታል፤ ጠዋትና ማታ 3 ዩኒት እየተወጋች ስኳሯ አልረጋ ብሏል፤ አሁን ሐኪሟ ላንተስ ወደሚባለው ሌላ ኢንሱሊን እንቀይራት ብሎሻል። አንቺ ደግሞ ሦስት ነገር ጠየቅሽ፦ «ያንኑ 3 ዩኒት ልስጣት? ሙሉ ካርቶን ሲሪንጅ ተርፎኛል፣ ልጠቀምበት? ክኒን መጣ ሲባልም ሰማሁ፣ እሱስ አይሻልም?»

ሐኪም አይደለሁም። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር፣ ውሮ የሚባል ግራጫ ድመት ያለኝ ሰው ነኝ። ውሮን በ9 ዓመቱ ስኳር ያዘው። እሱም በቬትሱሊን ጀምሮ ወደ ላንተስ ተዛወረ። የምነግርሽ በእሱ ያየሁትን ነው። የሚሚን መጠን የሚወስነው ግን ሐኪሟ ነው፤ እሱን አደራ።

ከሲሪንጁ ልጀምር፤ ትልቁ አደጋ እሱ ላይ ነው። ቬትሱሊን በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 40 ዩኒት አለው። ላንተስ በዚያው አንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት አለው። ሲሪንጁም የተሠራው እንደየመድኃኒቱ ነው። የቬትሱሊኑን ሲሪንጅ ይዘሽ ላንተስ እስከ «1» ብትቀጂ፣ የቀዳሽው 1 ዩኒት አይደለም፤ ሁለት ተኩል ነው። እስከ «3» ብትቀጂ ሰባት ተኩል ዩኒት ትወጊያታለሽ ማለት ነው። ይሄ ድመት ሊገድል የሚችል መጠን ነው። ስለዚህ ያ የተረፈሽ ካርቶን፣ ውድ ቢሆንም፣ ለላንተስ አይሆንም። በጭራሽ።

ይህን በወሬ አይደለም የማውቀው። ውሮ በተቀየረ በሦስተኛው ቀን የማታ ፈረቃ ስለነበረኝ መርፌውን የወጋው ባለቤቴ ነበር። ጎበዝ ነው፣ ከእኔ ይልቅ እጁ አይንቀጠቀጥም። ግን እኔ የድሮዎቹን ሲሪንጆች ከመሳቢያው አላወጣኋቸውም። «ምናልባት ያስፈልጉ ይሆናል» ብዬ ከአዲሶቹ ጎን ትቼያቸው ነበር። ቤት ስገባ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ቀይ ቆብ አየሁ። የአዲሶቹ ቆብ ብርቱካናማ ነው። ቆቡን በእጄ ይዤ ለትንሽ ጊዜ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ባለቤቴን ቀሰቀስኩት። «ስንት ቀዳህ?» አልኩት። «አንድ፣ እንዳልሽው» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አንድ ነው የቀዳው። ውሮ ግን 2 ተኩል ዩኒት ተወግቷል።

የድንገተኛ የእንስሳት ክሊኒክ ደወልን። አብሉት፣ በየሰዓቱ ስኳሩን ለኩት፣ ከ60 ከወረደ ወይም ሰውነቱ ላይ ለውጥ ካያችሁ ይዛችሁት ኑ አሉን። 140 ነበር። ከዚያ 96። ከዚያ 71። ሊነጋ ሲል 54 ሆነ፤ ከአልጋ ሲወርድ የኋላ እግሮቹ ተጠላለፉበት፣ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። እናቴ ከአገር ቤት የላከችው ማር ነበረን። በጣቴ ድዱ ላይ ቀባሁለት። ትንሽ ትንሽ፣ እንዳያንቀው። ከዚያ በፎጣ ጠቅልለን ይዘነው ሄድን። እስከ ቀትር ግሉኮስ በደም ሥሩ እየተሰጠው ቆየ። ዳነ። እግዚአብሔር ይመስገን።

ስለዚህ የመጨረሻው ቬትሱሊን እንደተሰጠ፣ የመጀመሪያውን ላንተስ ሳትቀጂ በፊት የድሮው ሲሪንጅም የቬትሱሊኑ ብልቃጥም ከቤት ይውጣ። ያልተከፈተውን ካርቶን ሐኪምሽ ጋ ውሰጂው፤ ቬትሱሊን ለሚወስድ ሌላ እንስሳ ይሰጡት ይሆናል። ማርም ሆነ የበቆሎ ሽሮፕ ወጥ ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ቦታ ይኑር። ድመቷ ብትንቀጠቀጥ ወይም ራሷን ብትስት አፏ ውስጥ ምንም አታፍስሺ፤ ድዷ ላይ ብቻ ቀቢና ወደ ክሊኒክ ሩጪ።

ሲሪንጅ ስትገዢ የግማሽ ዩኒት ምልክት ያለውን ጠይቂ። ድመት ላይ ግማሽ ዩኒት ብዙ ነው። ላንተስ በብዕር መልክም ይሸጣል። አንዱ ብዕር 300 ዩኒት ይይዛል፤ ብልቃጡ ግን 1000 ዩኒት ስለሆነ ለአንድ ድመት ብዙው ሳያልቅ ይበላሻል። እኔ ከብዕሩ ላይ በሲሪንጅ ነው የምቀዳው፣ የብዕሩ ቁልፍ በሙሉ ዩኒት ብቻ ስለሚሄድ። እንዴት እንደሚቀዳ ሐኪሟ አንዴ ያሳይሽ። ዋጋው አያስፈራሽ፤ አምራቹ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ የላንተስን ዋጋ በአሜሪካ በ78 በመቶ ቀንሶታል። ስሙ ሌላ የሆነ ግን ውስጡ ያው ግላርጂን (ላንተስ ውስጥ ያለው ኢንሱሊን) የሆነ መድኃኒትም አለ፤ ፋርማሲው ያንን ከሰጠሽ ለሐኪሟ አሳውቂ። ቱጄዮ የሚባለው ግን በሚሊ ሊትር 300 ዩኒት ስለሆነ ለዚህ አይሆንም፤ ሳጥኑ ላይ 100 የሚለውን ቁጥር በዓይንሽ እዪ።

አያያዙም ይለያያል። ቬትሱሊን እንደ ወተት ነጭ ስለሆነ ከመቅዳትሽ በፊት መናጥ ለምደሻል። ላንተስ እንደ ውኃ የጠራ ነው። አይናጥም። ከምንም ነገር ጋር አይቀላቀልም፣ አይቀጠንም። ደፍርሶ ካየሽው ጣይው። እጅሽ በልማድ መናጥ ይጀምራል፤ እኔ አንድ ሳምንት ሙሉ ራሴን ስይዝ ነበር።

አሁን ወደ መጠኑ። ያንኑ 3 ዩኒት ልስጣት ወይ ላልሽው፣ አይሆንም። ቁጥሩ ከመድኃኒት ወደ መድኃኒት አብሮ አይሻገርም። ቬትሱሊን ቶሎ ይሠራል፣ ቶሎም ያልቃል። ድመት ላይ ስምንት፣ አሥር ሰዓት ቆይቶ ይለቃል። ሚሚ ጠዋት ከተወጋች በኋላ ደህና ሆና ማታ ውኃዋን ስትጨርስ የምታያት ለዚህ ይመስለኛል። ላንተስ ደግሞ ከቆዳ ሥር ገብቶ እንደ ጥቃቅን ቅንጣት ይረጋና ቀስ እያለ ይለቃል። ለዚህ ነው ረዘም ብሎ፣ ሳይዘል የሚሠራው። ውሮ 3 ዩኒት ቬትሱሊን ላይ ነበር፤ ላንተስ ሲጀምር ሐኪሙ 1 ዩኒት አለ። «አንድ ብቻ? በሦስቱ እንኳን አልወረደለትም» ብዬ ተከራክሬያለሁ። በኋላ ግን ትክክል እንደነበር አየሁ። ማታ የመጨረሻውን ቬትሱሊን ወጋነው፣ ጠዋት በመደበኛው ሰዓት የመጀመሪያውን ላንተስ። ሁለቱን ደርቦ መስጠት የለም።

ከዚያ የሚመጣው ሳምንት ነው ልብ የሚፈትነው። የመጀመሪያው ቀን 380። ሁለተኛው 410። ያ የሲሪንጁ ስህተት ደግሞ መሃል ገባ፣ ሁለት ቀን አረፈ፣ እንደገና ከአንድ ጀመርን። እንደገና 390፣ 365። እጄ ሲሪንጁን ወደ ሁለት ለመሳብ ይበላኝ ነበር። እህቴ፣ እንዳታደርጊው። ላንተስ ተጠራቅሞ ሙሉ ጉልበቱን ለማሳየት ቀናት ይፈልጋል። ዛሬ የምትሰጪው መርፌ ነገና ከነገ ወዲያም ላይ ይሠራል። በየቀኑ ከፍ ዝቅ ካደረግሽው የትኛው መጠን ምን እንደሠራ አታውቂም፤ ድንገት ደግሞ ሁሉም ተደምሮ ይወርዳል። እኔ በስምንተኛው ቀን ሙሉ ቀን ቁጭ ብዬ በየሁለት ሰዓቱ ለካሁት፦ 310፣ 262፣ 214፣ 188፣ 205፣ 248፣ 270። ይሄን መስመር ሐኪሙ ሲያይ «ያዘ» አለኝ። ያኔ ነው ወደ 1 ተኩል ያሳደገው። ከስድስት ሳምንት በኋላ ዝቅ የሚለው ነጥብ 110 አካባቢ ነበር። ለእኔ የተነገረኝ ዝቅተኛው ነጥብ ከ80 እስከ 150 መሃል ቢውል ጥሩ ነው፣ ከ80 ከወረደ መጠኑ ይቀነስ የሚል ነበር። የሚሚን ከሐኪሟ ተቀበይ።

ትዕግሥት ማለቴ ግን ዓይን መጨፈን አይደለም። መጠኑ ዝቅ ብሎ ስለሚጀምር ስኳሩ ለጥቂት ቀን ከፍ ይላል። በዚያ መሃል መብላት ካቆመች፣ ካስመለሳት ወይም ከፈዘዘች፣ ሳምንት አትጠብቂ። የሽንት ኪቶን ስትሪፕ ከፋርማሲ ገዝተሽ ያዢ፤ ኪቶን ኢንሱሊን ሲያንስ ሰውነት ስብ እያቃጠለ የሚያወጣው፣ ሲበዛ የሚመርዝ ነገር ነው። ኪቶን ካሳየ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ነው።

«ቤት ውስጥ መለካት አልችልም፣ ክሊኒክ ይለኩልኛል» ብለሻል። እህቴ፣ እዚህ ላይ ልለምንሽ ነው። ድመት በፍርሃት ብቻ ስኳሯ ይጨምራል። ውሮ ክሊኒክ 420 ያለበት ቀን ቤት ሲገባ 230 ነበር። በክሊኒኩ ቁጥር መጠን ብንጨምር ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ጆሮዋን ነው የምትወጊው፣ ጠርዙ ላይ ያለችውን ቀጭን የደም ሥር አጠገብ። ካልሲ ውስጥ ጥሬ ሩዝ ጨምሬ ማይክሮዌቭ ውስጥ ለብ አደርገዋለሁ፣ መጀመሪያ በራሴ ጉንጭ እሞክረዋለሁ፣ ከዚያ ጆሮው ላይ አስቀምጠዋለሁ። ጆሮው ሲሞቅ ደሙ ይመጣል። ከኋላ ጥጥ ይዘሽ አንዴ ጠቅ። ወዲያው የደረቀ ዶሮ። የመጀመሪያውን ሳምንት አልጋ ሥር ገብቶ ደበቀኝ። በሁለተኛው ሳምንት የመለኪያዋን ቦርሳ ዚፕ ሲሰማ ራሱ መምጣት ጀመረ። ዶሮዋን ፈልጎ ነው፣ ግን መጣ።

መለኪያው አንድ ይሁን። አልፋትራክ የሚባለው ለድመትና ለውሻ የተሠራ ነው። የሰው መለኪያ ርካሽ ነው፣ ብዙ ሰው ይጠቀምበታል፣ ግን ድመት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ አድርጎ ያነባል። የቱንም ያዢ፣ አታቀያይሪ፣ ለሐኪሟም የትኛው እንደሆነ ንገሪ። ከመርፌ በፊት ሁሌም ለኪ። ለእኔ የተሰጠኝ ወሰን 150 ነበር፤ ከዚያ በታች ከሆነ ሳልወጋ እደውላለሁ። ለሚሚ ስንት እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቂና ፍሪጁ ላይ ለጥፊው።

ስለ ምግብ በአጭሩ። ደረቁን ምግብ ወደ እርጥቡ መቀየር ስኳር ለያዘው ድመት ብዙ ይጠቅማል፣ ግን ከኢንሱሊኑ ጋር በአንድ ሳምንት አትቀይሪው። ምግቡ ብቻውን ስኳሩን ሊያወርድ ይችላል፤ ሁለቱ ሲገጣጠሙ ደግሞ በጣም ይወርዳል። አንዱ ይርጋ፣ ከዚያ ሌላው። እናንተ ቤት ጾም ይጾማል ብለሽ ነበርና፣ የጾም ትራፊ ለእሷ አይሆንም። ድመት ያለ ሥጋ አትኖርም፤ ሽሮና እንጀራ ደግሞ ስኳሯን ነው የሚጨምረው።

ክኒኑን በተመለከተ፣ ወሬው እውነት ነው። ቤክሳካት በ2022 መጨረሻ፣ በአፍ የሚሰጠው ፈሳሽ ሴንቬልጎ ደግሞ በ2023 በአሜሪካ ተፈቅደዋል። ግን የተፈቀዱት ከዚህ በፊት ኢንሱሊን ላልወሰደች ድመት ነው። ሚሚ ሰባት ወር ወስዳለች። ኢንሱሊኗን አቁማ ወደ እነሱ ብትዛወር አደገኛ የኪቶን መመረዝ ሊመጣባት ይችላል። ይሄን በር ዝጊው።

በጥያቄሽ መጨረሻ ላይ የጻፍሻት ነገር ደግሞ ልቤን ነካችው። ዘመዶችሽ «ሰው መድኃኒት ባጣበት አገር ተወልደሽ ለድመት ኢንሱሊን?» እንዳሉሽ። ለእኔም ብለውኛል። አባቴ ስኳር ነበረበት፤ ኢንሱሊን ስንፈልግ ከፋርማሲ ፋርማሲ የዞርነውን አልረሳሁም። መርፌ መያዝ የተማርኩትም በእሱ ክንድ ላይ ነው። ውሮን ስወጋ አባቴን የበደልኩ አይመስለኝም። እናቴ ልትጠይቀን ስትመጣ መጀመሪያ ራሷን ነቀነቀች። ሦስት ሳምንት ሳይሞላት ግን ካልሲውን የምታሞቀው እሷ ነበረች። «ና ውሮ፣ ጆሮህን አምጣ፣ አባትየውም እንዲህ ነበር የሚነጫነጨው» እያለች።

ውሮ አሁን 11 ተኩል ዓመቱ ነው። ያኔ በኋላ እግሩ ተረከዝ እየተጎተተ ይሄድ ነበር፣ ስኳሩ ነርቩን ጎድቶት። አሁን መስኮቱ ላይ ይዘላል። 1 ዩኒት ጠዋት፣ 1 ዩኒት ማታ፣ በሐበሻ ሰዓት 1 ሰዓት ላይ። አንዳንድ ድመት ጨርሶ ከኢንሱሊን ይወጣል፤ የእኔ አልወጣም።

ሚሚ የምትጀምርበትን ቀን ንገሪኝ። ከተቻለ ቀኑን ሙሉ ቤት የምትውዪበት ቀን ይሁን፣ ቅዳሜ ጠዋት ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ሐኪሟም የሚከፍትበት ቀን ነውና። ቁጥሮቿን እዚሁ ጻፊልኝ። የመጀመሪያውን ላንተስ ከመቅዳትሽ በፊት ደግሞ የሲሪንጁን ፎቶ ላኪልኝ፤ ቆቡንና በርሜሉ ላይ ያለውን ጽሑፍ አብረን እናየዋለን።