«የምሽት ቤት ዘፋኝ ነኝ፣ ስለ ምግብም እጽፋለሁ፤ ጽሑፌ የማን ነው?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የባህል ምሽት ቤት እዘፍናለሁ፣ ከተወዛዋዦቹ ጋርም እስክስታ እወርዳለሁ። ከገባሁ አምስት ዓመት ሆኖኛል። ሥራ ስጨርስ የቀመስኩትንና ወጥ ቤት ያየሁትን ፌስቡክ ላይ መጻፍ ጀመርኩ፤ ሰው ወደደልኝ። ባለቤቱም ደስ አለውና «ስለ ቤታችንም ጻፊ» ብሎ በየወሩ ጨመር እያደረገ ይሰጠኛል። አሁን አንድ አሳታሚ ጽሑፎቼን በመጽሐፍ ላውጣልሽ ብሎኛል። ባለቤቱ ይህን ሲሰማ «የምግብ አሠራሩም ጽሑፉም የቤቱ ነው» ብሎ አዲስ ውል አመጣ። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልፈረምሽ መድረኩን ለሌላ እሰጣለሁ ይላል። ተናድጄ የተወሰኑ ጽሑፎችን ከፔጄ አጥፍቻለሁ። የምግብ አሠራር የቅጂ መብት አለው? መጽሐፌንስ ሊከለክለኝ ይችላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጀመሪያው ጥያቄዎ ልነሳ፤ መልሱ አጭር ነው። የምግብ አሠራር እንደ አሠራርነቱ የማንም የቅጂ መብት አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በአንቀጽ 5 ሐሳብን፣ የአሠራር ሥርዓትን፣ ዘዴንና ቀመርን ከጥበቃው ውጭ አድርጓቸዋል። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት መቁላላቱ፣ በርበሬው ጠብ ጠብ በሚል ውኃ መብሰሉ፣ ቅቤው የሚገባበት ጊዜ፣ የዶሮው ብልት አወጣጥ፣ ይህ ሁሉ የአገር እውቀት ነው። ባለቤቱ «የቤቴ ነው» ብሎ ሊከለክልዎ አይችልም። እርስዎም ሌላውን ሊከለክሉ አይችሉም።

የሚጠበቀው አጻጻፉ ነው። ከደብዳቤዎ ጋር ከላኩልኝ ጽሑፎች መካከል አንዱ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ የመድረኩን ጥልፍ ቀሚስ ሳያወልቁ ወጥ ቤት ገብተው፣ ከድስቱ ሥር የቀረውን ቁሌት በእንጀራ ጠርገው ስለበሉበት ምሽት ነው። ያ ጽሑፍ ጥበቃ አለው። ከሌላ ያልተቀዳ የራስ ሥራ ሆኖ በጽሑፍ መስፈሩ ይበቃል፤ ጥበቃ ለማግኘት ምዝገባ ግዴታ አይደለም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ደብዳቤዎን ደግሜ ሳነበው አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ። «ጨመር እያደረገ ይሰጠኛል» ብለው አለፉት። እኔ ግን አላልፈውም፤ ጉዳይዎ ያለው እዚያ ላይ ነውና። ስንት ነው የሚጨምርልዎ? ከመቼ ጀምሮ? ምን ብሎ ነው የሚሰጠው? ይህን ስላልነገሩኝ «ይችላል» ወይም «አይችልም» ብዬ በአንድ ቃል ልመልስልዎ አልችልም።

ብዙ ሰው የሚያውቀው ሕግ «የጻፈ ባለቤት ነው» የሚለውን ነው። በመርህ ደረጃ ልክ ነው። ነገር ግን የዚሁ አዋጅ አንቀጽ 21 ንዑስ አንቀጽ 4 ሌላ ነገር ይላል። ሥራው በቅጥር ወይም በአገልግሎት ውል መሠረት ተቀጣሪው ወይም ትእዛዝ የተቀበለው ሰው የሠራው ከሆነ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር የሥራው ባለቤት ቀጣሪው ወይም ሥራውን ያዘዘው ሰው ነው። «ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር» የሚለውን ልብ ይበሉ። ሕጉ ዝም ያለን ሰው ባለቤት አላደረገውም። ዝም ከተባለ ለከፋዩ ይሄዳል።

እዚህ ጉድጓድ ውስጥ የሚገባው ሰው ብዛት ያሳዝነኛል። የድርጅት መዝሙር የደረሰው ገጣሚ፣ የሆቴል ሜኑ ፎቶ ያነሳው ልጅ፣ የማስታወቂያ ጽሑፍ የጻፈችው ተማሪ፣ ሁሉም የሚሉት አንድ ነው። «እኔ እኮ ነኝ የሠራሁት፣ ሁሉም ሰው ያውቃል።» አዎ፣ ማን እንደሠራው አያከራክርም። ክርክሩ በማን ትእዛዝና በማን ገንዘብ ተሠራ የሚለው ነው። ገንዘቡ ደግሞ ብዙ ጊዜ ምርቃት መስሎ ነው የሚመጣው። «ለትራንስፖርት ይሁንሽ»፣ «ለካርድ» ተብሎ ይሰጣል። ሰውየው ቸር ነው ተብሎ ይወሰዳል፣ ወረቀት መጠየቅ ነውር ይመስላል። ነገሩ ሲበላሽ ግን ያቺ ጭማሪ «የጽሑፍ ክፍያ ነበረች» ተብላ ፍርድ ቤት ትቀርባለች። ባለቤቱ ጥሩ ሰው ቢሆን እንኳ ጠበቃው ይህን ክርክር ማንሳቱ አይቀርም፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አነሳዋለሁ።

ስለዚህ ጽሑፎችዎን በአንድ ከረጢት አይክተቷቸው። ጭማሪው ከመጀመሩ በፊት የጻፏቸው አሉ። እነዚህ ላይ አቋምዎ ጠንካራ ነው። የተቀጠሩት ለመዝፈንና ለመወዛወዝ እንጂ ለመጻፍ አይደለም፤ ማንም አላዘዘዎትም፣ ማንም አልከፈለዎትም። ጭማሪው ከጀመረ በኋላ ስለ ሌላ ነገር የጻፏቸውም አሉ። ስለ እናትዎ በሶ፣ ጉራጌ አገር ስለቀመሱት ቆጮ፣ ባሕር ዳር ስለበሉት ዓሣ የጻፏቸውን አይቻለሁ። ትእዛዙ «ስለ ቤታችን ጻፊ» ከነበረ እነዚህ ከትእዛዙ ውጭ ናቸው ብሎ መከራከር ይቻላል። የሚያሰጋኝ ሦስተኛው ክፍል ነው፤ ጭማሪው ከጀመረ በኋላ ስለዚያው ቤት ወጥ፣ ስለዚያው ቤት ክትፎ የጻፏቸው። እነዚህን ያለ ስምምነት መጽሐፍ ውስጥ እንዲያስገቡ አልመክርም።

ይህ አከፋፈል የሚቆመው በቀን ነው። መቼ ተጻፈ፣ መቼ ተከፈለ? ለዚህ ነው ጽሑፎቹን ማጥፋትዎ ያስደነገጠኝ። መናደድዎ ይገባኛል፤ ግን አላበጁም። ያጠፉት የባለቤቱን መብት ሳይሆን የራስዎን ማስረጃ ነው። እያንዳንዱ ጽሑፍ ላይ ያለው ቀን ለእርስዎ የሚመሰክር ነበር። ፌስቡክ ወደ መጣያ የተላከን ጽሑፍ እስከ 30 ቀን ያቆየዋል፤ ዛሬውኑ ገብተው ይመልሱ። ከዚያ በኋላ አንድም ነገር እንዳይነኩ አደራ። የፔጁን መረጃ በሙሉ አውርደው ሁለት ቦታ ያስቀምጡ።

የገንዘቡንም ዱካ ይሰብስቡ። በቴሌብር ወይም በባንክ የገባ ከሆነ መልእክቱ ላይ «ምክንያት» የሚል ቦታ ካለ ይዩት። እዚያ ላይ «ደመወዝ» ከተባለ፣ «ለጽሑፍ» ከተባለ ወይም ባዶ ከሆነ ልዩነቱ ትልቅ ነው። በእጅ የተሰጠዎትን ደግሞ ከሚያስታውሱት ወር ጀምሮ ደብተር ላይ ያስፍሩ። ባለቤቱ በቴሌግራም የላከልዎትን የድምፅ መልእክትም ያቆዩት። «ነገ ስለ ክትፎው ጻፊልን» የሚል ካለ ይጎዳዎታል ብለው አይሰርዙት። ያው መልእክት ትእዛዙ እስከ ምን ድረስ እንደነበረ፣ ከምን እንደማያልፍም ያሳያል። ለጠበቃዎ የማይመቸውንም ማስረጃ ያሳዩ። እኛን ጠበቆችን የሚጎዳን ችሎት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የምናየው ወረቀት ነው።

አንድ ነገር ግን ማንም አይወስድብዎትም። ጥቅሙ የባለቤቱ ነው ቢባል እንኳ የጸሐፊነት ስምዎ የእርስዎ ነው። አንቀጽ 8 የጸሐፊውን የሞራል መብት (በሥራው ጸሐፊነት በስም የመጠራትን የመሰለውን) የኢኮኖሚ መብት (ከሥራው ገንዘብ የማግኘት መብት) ባለቤት ሆነም አልሆነም ይጠብቃል። ቤቱ ጽሑፍዎን በራሱ ወይም በሌላ ሰው ስም ቢያወጣው መጠየቅ ይችላሉ። አዋጁ ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ከ100,000 ብር እንዳያንስ ደንግጓል።

አሁን የተሰጠዎት ውል። አይፈርሙ። እንቢም አይበሉ። «ጠበቃ አሳይቼ እመልሳለሁ» ብለው ኮፒውን ይውሰዱ፤ ኮፒ ከከለከሉዎ ያ ራሱ አንድ ነገር ይነግርዎታል። ውሉ ውስጥ «እስካሁን የተሠሩና ወደፊት የሚሠሩ ማናቸውም ሥራዎች» የሚል ሐረግ ካለ፣ ላይ ያልኩት አከፋፈል ሁሉ በአንድ ፊርማ ይቀራል። የበሶውም ጽሑፍ አብሮ ይሄዳል። ከተፈረመ በኋላ «ተገድጄ ነው» ማለት በሕግ ቢኖርም ማስረዳቱ ከባድ ነው። ጠበቃዎ በምትኩ እንዲህ ያለ ነገር ሊያቀርብ ይችላል፦ የጽሑፎቹ የቅጂ መብት የጸሐፊዋ ነው፤ ድርጅቱ ስለ ራሱ ቤት የተጻፉትን በራሱ ገጾች ላይ ስሟን ጠቅሶ እንዲጠቀም ፈቃድ ተሰጥቶታል። ባለቤቱ የሚፈልገው ገበያ ከሆነ ይህ ይበቃዋል። ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለው ይታረቃሉ።

ሌላም ያልነገሩኝ ነገር አለ። አዲሱን ውል ነገሩኝ፣ የመጀመሪያውን ግን አላነሱትም። ሲገቡ የፈረሙት ነገር ነበር? ከሌለ አይደንግጡ። የሥራ ውል በጽሑፍ አለመሆኑ መብትዎን አያሳጣዎትም። የሥራ ሰዓትዎን የሚወስነው፣ ልብሱን የሚሰጠው፣ ዘፈኑን የሚያስመርጠው ቤቱ ከሆነና ደመወዝ በየወሩ ከከፈለዎ፣ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ ነኝ ለማለት ጥሩ መሠረት አለዎት። እንግዲህ የዓመት ፈቃድ አለ፣ የጡረታ መዋጮ አለ (ከእርስዎ 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ)፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያም አለ። በቀን ከ8 ሰዓት በላይ ከሠሩ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው ትርፍ ሰዓት በ1.75 ተባዝቶ ይከፈላል። እንግዳ ግንባርዎ ላይ የሚለጥፈውን የሽልማት ብር ግን ደመወዝ አድርገው አይቁጠሩት፤ ስንብት ሲሰላ አይገባልዎትም። ያልተከፈለ ደመወዝና ትርፍ ሰዓት መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር በይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው አልፏል ተብሎ መጠየቅ አይቻልም ማለት ነው። «መድረኩን ለሌላ እሰጣለሁ» ያለውን ከፈጸመውና ወደ ሥራ ልመለስ ካሉ ደግሞ ያለዎት 3 ወር ብቻ ነው። በሽምግልና ሲመላለሱ ቀኑ እንዳያልፍብዎ።

መድረክ ላይ ሲዘፍኑ ተቀርጾ ስለሚለቀቀው ቪዲዮም በአጭሩ። የቅጂ መብት አዋጁ በአንቀጽ 26 ለከዋኝ፣ ማለትም እንደ እርስዎ ለሚዘፍንና ለሚወዛወዝ ሰው፣ የራሱን መብት ሰጥቶታል። ያለ ፈቃድዎ ክዋኔዎን መቅረጽና ማሠራጨት አይቻልም። ፈቅደው ከሆነ ምን ያህል እንደፈቀዱ ውሉ ይታይ።

አሁን ስለ መጽሐፉ። ደብዳቤዎ ውስጥ «ጽሑፎቼ»፣ «መጽሐፌ» ይላሉ፤ ጽሑፎችዎ ላይ ግን ገጽ በገጽ ወጥ ቤቱን የሚመሩት እናት አሉ። ሲናገሩ አለ፣ ሲያማስሉ ፎቶ አለ፣ ስማቸውም አለ። እሳቸውን ጠይቀዋል? የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ተነሺው ፈቃድ ተባዝቶ እንዳይወጣና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ፌስቡክ ላይ ሲለጥፉት ፈገግ ማለታቸው ለሚሸጥ መጽሐፍ ፈቃድ አይሆንም። እኚህ ሴት የሰጡዎት እውቀት በሕግ ባይጠበቅም፣ ከመጽሐፉ ገቢ የሆነ ነገር ቢያስቡላቸው ደስ ይለኛል። ይህ የሕግ ግዴታ አይደለም፤ ፈቃዱን ግን በጽሑፍ፣ በሁለት ምስክር ፊት ያድርጉት። ማንበብ የሚከብዳቸው ከሆነ በሚያምኑት ሰው ይነበብላቸው። ፎቶዎቹን ያነሳው ማን እንደሆነም ይጻፉልኝ። አስተናጋጁ አንስቶት ከሆነ የፎቶው መብት የእርስዎ ላይሆን ይችላል፤ ከእሱም ወረቀት ያስፈልጋል።

ለአሳታሚው ክርክሩን አይደብቁት። የሕትመት ውሎች አብዛኛውን ጊዜ «ሥራው ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው፤ ጠያቂ ቢመጣ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» የሚል አንቀጽ አላቸው። ያን ፈርመው ባለቤቱ መጽሐፉን ቢያሳግድ የሕትመቱ ኪሳራ እርስዎ ላይ ሊዞር ይችላል። ሦስተኛውን ክፍል ለጊዜው አውጥተው በቀሩት ጽሑፎች መጀመር ይቻል እንደሆነ ይጠይቁት። ጥርጥር የሌለባቸውን ጽሑፎች በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ቢያስመዘግቡም ጥሩ ነው። ምዝገባው ለክርክር ጊዜ ማስረጃ ይሆንዎታል።

ወረቀቶችዎን ሳላይ የጻፍኩት ስለሆነ ይህን እንደ አጠቃላይ ምክር ብቻ ይያዙት። የወሩ መጨረሻ ሳይደርስ ጠበቃ ቢሮ ይሂዱ። ሲሄዱ አዲሱን ውል፣ ከተገኘ የመጀመሪያውን፣ የቴሌብርና የባንክ መልእክቶቹን፣ ከነቀናቸው የታተሙ ጽሑፎችን፣ የአሳታሚውን ረቂቅ ይያዙ። የጠበቃ ክፍያ ከከበደዎ ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ የዩኒቨርሲቲ ማዕከላት አሉ፤ ፍርድ ቤቶችም አካባቢ ይጠይቁ። እስከዚያው ከባለቤቱ ጋር በስልክ አይነጋገሩ። የሚሉትን ሁሉ በጽሑፍ ይላኩለት፤ ኮፒውንም ያስቀሩ።