ጥያቄና መልስ፦ ዘመዳሞቹ አበቦች ለምን አይደባለቁም?

እንደምን ዋላችሁ። ብዙ ዘመኔን ያሳለፍኩት በርክበ ብናኝ፣ ማለትም ብናኝ (የወንዴው የአበባ ዱቄት) ወደ ሴቴው በሚደርስበት ነገር ላይ ነው፤ ዛሬ ጠይቁኝ። ርእሱ አንድ ነው፦ ጎን ለጎን የሚበቅሉ የቅርብ ዘመዳም ዕፅዋት ለምን ተደባልቀው አንድ አይሆኑም? አንድ ማሳሰቢያ አስቀድሜ ልበል። ራስን ማዳቀል (በራስ ብናኝ ዘር መያዝ) መቻልና ራስን ማዳቀል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህን የሳተ ሌላውንም ይስታል።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ስለ ዕፅዋት መራባት ቢያብራሩልን?

መልስ፦ የቱን? ጥያቄህን ጠበብ አድርገህ ተመለስ።

ጥያቄ፦ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ተክል ከዘመዱ ተለይቶ የሚቆየው እንዴት ነው? ንብ የጎረቤቱን ብናኝ ብታመጣበትስ?

መልስ፦ ተባረኪ፣ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። ንቧ ስትደርስ ቦታው ተይዟል። ከእነዚህ ዕፅዋት ብዙዎቹ አበባቸው ሳይፈነዳ፣ ገና በእምቡጥነቱ፣ የራሳቸው ብናኝ የሴቴው ጫፍ ላይ ያርፋል። አበባቸውም እያነሰ፣ ወለላቸውም እየቀነሰ ስለሚሄድ ንቧ ራሷ መምጣቱን ትተወዋለች።

ሁሌ የማነሳው ሣር አለ፤ የሚያውቁኝ ይታገሡኝ። ሰሜን ዌልስ ውስጥ ትሬሎጋን የሚባል የዚንክ ማዕድን ማውጫ ነበር። አፈሩ በብረቱ ስለተመረዘ ተራ ሣር አይበቅልበትም። አንቶክሳንተም ኦዶራተም የተባለው ሣር ግን መርዙን የሚችሉ ተክሎች አፍርቶ ገባበት። ጥቂት ሜትር አለፍ ብሎ ባለው ግጦሽ ላይ ደግሞ ያው ሣር አለ፤ መርዙን ግን አይችልም። ይህ ሣር ብናኙን የሚበትነው በነፋስ ነው፤ ነፋስ ደግሞ አጥር አያውቅም። ከግጦሹ በመጣ ብናኝ የተፀነሰ ዘር መርዙን የመቻል አቅሙ ስለሚቀንስ ማዕድኑ አፈር ላይ ይሞታል። ታዲያ ምን ሆነ? በ1968 ዓ.ም (እ.ኤ.አ.) የታተሙት ጥናቶች እንዳሳዩት የማዕድኑ ሣር ከጎረቤቱ ቀድሞ ያብባል፣ በራሱ ብናኝም ከጎረቤቱ ይልቅ ዘር ይይዛል። ይህ ሣር በተፈጥሮው የራሱን ብናኝ አጥብቆ የሚገፋ መሆኑን አስታውሱ! ሁለቱ ዛሬም አንድ ዝርያ ናቸው። መለያየት ሲጀምር ግን መልኩ ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ራስን ማዳቀል ዘርን አያደክምም?

መልስ፦ ያደክማል፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ትውልዶች። ከዲቃላ የሚመጣው ጉዳት ከበለጠ ግን ድካሙ ይመረጣል።

ጥያቄ፦ ቀለምስ? የአበባ ቀለም ብቻውን ዝርያ ይለያል?

መልስ፦ «ብቻውን» የምትለዋን አውጣት። ሚሙለስ ሊዊሲ የተባለው አበባ ሐምራዊ ሮዝ ነው፣ ባምብልቢ የሚባለው ጸጉራም ንብ ይጎበኘዋል። ዘመዱ ሚሙለስ ካርዲናሊስ ቀይ ነው፣ ደንበኛው ሃሚንግበርድ የተባለችው ትንሽ ወፍ ናት። ተመራማሪዎች ቀለሙን የሚወስነውን የጂን ክፍል በማዳቀል አለዋውጠው በ2003 (እ.ኤ.አ.) ያገኙትን አሳተሙ፦ ወደ ሮዝ የተቀየረው ካርዲናሊስ 74 እጥፍ የንብ ጉብኝት አገኘ፣ ወደ ቢጫ ብርቱካንማ የተቀየረው ሊዊሲ 68 እጥፍ የወፍ ጉብኝት አገኘ። ሁለቱም ራሳቸውን ማዳቀል ይችላሉ፤ ሥራውን የሚሠሩላቸው ግን ጎብኚዎቹ ናቸው። መቻልና ማድረግ ያልኳችሁ ይሄው።

አንድ አባል፦ ይቅርታ፣ ሰው በእጁ አዳቅሎ ዘር ካገኘ እነዚህ እንዴት ሁለት ዝርያ ይባላሉ?

ሌላ አባል፦ ችግሩ ቃላችን ነው። «ዝርያ» እንላለን ለዚህም፣ «የጽጌረዳ ዝርያ» እንላለን አትክልተኛ ለመረጠውም። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

አንድ አባል፦ ቃሉን ተወው፣ እኔ የጠየቅኩት ስለ ተፈጥሮ ነው።

ሌላ አባል፦ እኔም ስለ ተፈጥሮ ነው የምነግርህ! ሳይንሳዊው ስም...

መልስ፦ ሁለታችሁም ረጋ በሉ። መለኪያው በእጅ ሲዳቀሉ የሚሆነው ሳይሆን በዱር የሚሆነው ነው። በዱር ዲቃላቸው ብርቅ ነው። እንቀጥል።

ጥያቄ፦ ራስን ማዳቀል ዘርን አያደክምም ወይ?

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል። እባካችሁ አንብባችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ዘመዳሞቹ እንዳይደባለቁ የሚከለክለው ግርዶሽ ከሁለቱም ወገን እኩል ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ሰው ሁሉ የሚዘነጋው ይህን ነው። ቲማቲምን እንውሰድ። የምናለማው ቲማቲም በራሱ ብናኝ ዘር ይይዛል። ሶላነም ፔኔሊ የተባለው የዱር ዘመዱ፣ የራሱን ብናኝ የሚገፋው ዓይነት፣ እናት ከሆነ የቲማቲሙን ብናኝ አይቀበልም፤ የብናኙ ቱቦ የሴቴው አንገት ውስጥ ይቆማል። ገልብጡት፤ ቲማቲሙ እናት ይሁን፣ ዘር ይገኛል። የራስን ብናኝ ለመግፋት የተሠራው መሣሪያ የዘመድንም ይገፋል ማለት ነው።

አሁን ወደ ሚሙለስ ተመለሱ። ሚሙለስ ናሱተስ ራሱን ያዳቅላል፣ ዘመዱ ጉታተስ በአብዛኛው ከሌላ ይዳቀላል፤ ነገር ግን ጉታተስ ራሱን ማዳቀል ይችላል፣ የራሱን ብናኝ የሚገፋበት መሣሪያ የለውም። ስለዚህ በዚያ መንገድ ዘመዱን አይከለክልም። ሁለቱ ሲገናኙ ዲቃላው አበባውን ይከፍታል፣ ንብ ይጎበኘዋል፣ መልሶም ከጉታተስ ጋር ይዳቀላል። የጂን ፍሰቱ በአብዛኛው ከናሱተስ ወደ ጉታተስ የሚሆነው በዚህ ነው። በሩን የዘጋው ናሱተስ ነው፣ የሚያፈሰውም እሱ። መቻልንና ማድረግን ያምታታ ሰው አቅጣጫውንም ገልብጦ ይተነብያል።

ጥያቄ፦ ክሮሞሶም ሲበዛስ? ያለ ፅንሰት ዘር የሚሰጡትስ?

መልስ፦ ሁለቱም ተክልን ከዘመዱ ይለያሉ፤ እሱ ለሌላ ቀን።

ጥያቄ፦ አንድ ተክል ራሱን ማዳቀሉን እንዴት አውቃለሁ?

መልስ፦ እምቡጦችን በደቂቅ መረብ ሸፍኚ። አንዱን ክፍል አትንኪ፤ ሁለተኛውን በራሱ ብናኝ በእጅሽ አዳቅይ፤ ሦስተኛውን በሌላ ተክል ብናኝ፣ ግን የወንዴውን ከረጢቶች ሳይፈነዱ ነቅለሽ። ሁለተኛው ዘር ይዞ የመጀመሪያው ባዶ ከሆነ ተክሉ ይችላል፣ ያለ ጎብኚ ግን አያደርግም። የመጀመሪያውም ዘር ከያዘ በራሱ ማድረግ ይችላል ማለት ነው፤ በሜዳ ምን ያህሉን እንደሚያደርግ ግን የችግኞቹ ጂን ካልተመረመረ አይታወቅም።

ጥያቄ፦ ፎቶ ልላክና ስሙን ይነግሩኛል?

መልስ፦ አልነግርህም። መረቡን ሸፍንና ውጤቱን ይዘህ ና።