ሴሬቤለም ሲጎዳ ባህሪም ይለወጣል

እህቴ፣ አባትሽ ሴሬቤለማቸውን (ከአንጎል በስተኋላ ታች ያለውን፣ ሚዛንና እንቅስቃሴን የሚያስተካክለውን ክፍል) ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ እርምጃቸው ተሻሽሏል፤ ግን ነገር ማቀድ አቅቷቸዋል፣ በትንሹም በትልቁም ይቆጣሉ ብለሽ ጽፈሻል። «ይሄ ክፍል የሚዛን ከሆነ ባህሪያቸው ለምን ተለወጠ?» ነው ጥያቄሽ። እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ እንዲህ ዓይነት ታካሚዎችን ለዓመታት አይቻለሁ። ቤተሰብን ከመንገዳገዱ በላይ የሚጎዳው ይሄኛው ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ሴሬቤለም ከአንጎል መጠን አሥር በመቶ ገደማ ነው። ነገር ግን በአንጎል ውስጥ ካሉት 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሴሎች 69 ቢሊዮን ያህሉ እዚያ ናቸው።

ብርጭቆ ለማንሳት እጅሽን ስትዘረጊ፣ ሴሬቤለም እጅሽ የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ ይገምታል። ግምቱ ከሆነው ነገር ጋር ካልገጠመ፣ ከአንጎል ግንድ የስህተት ምልክት ይመጣና ፐርኪንጄ ወደሚባሉት ትልልቅ ሴሎች ይደርሳል። አንዱ ፐርኪንጄ ሴል ከመቶ ሺህ በላይ ግንኙነቶች አሉት። ስህተቱን የሚነግረው ግን አንድ የነርቭ ክር ብቻ ነው! ሁሌም ይደንቀኛል። ያ ክር ምልክት ሲያደርስ፣ በዚያው ቅጽበት ሥራ ላይ የነበሩት ግንኙነቶች ይዳከማሉ። ጃፓናዊው የአንጎል ተመራማሪ ማሳኦ ኢቶ ይህን እ.ኤ.አ. በ1982 በሙከራ አሳይቷል። ልምምድ እጅን ከሚያቀናባቸው መንገዶች አንዱ ይህ እንደሆነ ይታሰባል።

አሁን ወደ አባትሽ ልምጣ። የሴሬቤለም የኋላ ክፍል በታላመስ (በአንጎል መካከል ባለው የምልክት ማስተላለፊያ) በኩል፣ ዕቅድና ትኩረት ከሚመራው ከአንጎል የፊት ክፍል ጋር ይገናኛል። የሴሎቹ አደራደር ከቦታ ቦታ ብዙም አይለያይም፤ የሚለየው ከየት ጋር መገናኘታቸው ነው። ስለዚህ ብዙ ተመራማሪዎች እጅን የሚያርመው አሠራር ሐሳብንና ስሜትንም ያርማል ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 ሽማህማን እና ሸርማን የተባሉ ተመራማሪዎች ማቀድ፣ ቃል ማውጣትና ስሜትን መግታት የሚቸገሩ የሴሬቤለም ታካሚዎችን በዝርዝር ገልጸዋል። ጉዳቱ በኋላው ክፍል ላይ ሲያመዝን፣ ሰውየው ደህና እየተራመደ አስተሳሰቡ ሊቸገር ይችላል። እና እባክሽ፣ «ሆን ብለው ነው» ወይም «እልኸኛ ሆኑ» አትበሉ።

በሥራዬ የጠቀመኝን ልንገርሽ። ሲራመዱ አታናግሯቸው። በፊት ሳያስቡት የሚያደርጉት እርምጃ አሁን ሙሉ ትኩረት ይፈልጋል። የቀን ሥራቸውን በአጭር በአጭሩ ጻፉላቸው። ሲለማመዱ ደግሞ «ትንሽ ወደ ቀኝ ሄደ» እያሉ ከማረም ይልቅ፣ ሲሳካ ብቻ «አዎ፣ ይሄ ነው» በሏቸው። ሴሬቤለም ሲጎዳ ከስህተት መማር ይደክማል፤ ከስኬት የሚማረው የአንጎል መንገድ ግን ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ለውጡ አዝጋሚ ነው፤ ቢሆንም ሲመጣ አይቻለሁ።

ለነርቭ ሐኪማቸው የባህሪውን ለውጥ በግልጽ ንገሪ። የአስተሳሰብ ምርመራ እንዲደረግላቸው ጠይቂ፤ አጭሩ የማስታወስ ፈተና ይህን ችግር ሊስተው ይችላል። ከስትሮክ በኋላ ድብርትም የተለመደ ስለሆነ እሱም ይታይላቸው።